ክኒኑ አንድ የሆነ ሰሞን

የጠይብ ሱቅ በረንዳ ላይ የስፌት መኪናዬን ካስቀመጥኩ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አለፈኝ። ከዳባት ወደ ደባርቅ በሚወጣው አስፋልት ዳር ነው፤ ከፊት ሱቁ፣ ከኋላ መኖሪያ ቤቱ። እሱ ጨርቅ ይሸጣል፤ ከጨርቁ ጎን ስኳርም፣ ዘይትም፣ ሳሙናም አለው። እኔ እሰፋለሁ። ገበያተኛ ጨርቁን አስቆርጦ ሲወጣ እስኪሰፋለት ድረስ አጠገቤ አግዳሚው ላይ ይቀመጣል፤ ተቀምጦ ደግሞ ዝም የሚል ሰው የለም። ባሌ እንዲህ አለኝ፣ ልጄ እንዲህ ሆነብኝ ይሉኛል። እኔ መርገጫውን እየረገጥኩ እሰማለሁ፤ የሰማሁትን ወደ ሌላ ሰው አልወስድም። «ፍቅረ ሥላሴ ሆዱ ሰፊ ነው» ሲሉኝ እኔም ጥሩ ነገር ይመስለኝ ነበር።

ኢክላስ የጠይብና የዙሀራ የበኩር ልጅ ናት። ከተወለደች ጀምሮ አውቃታለሁ፤ የመጀመሪያ ዩኒፎርሟን የሰፋሁላት እኔ ነኝ። በአሥራ ሦስት ዓመቷ አንድ ጠዋት ፊቷን ስትታጠብ ወደቀች። የሚጥል በሽታ መሆኑን ለመቀበል ቤቱ ሁለት ዓመት ፈጀበት። ሼኮች ቁርኣን አነበቡባት፤ ዙሀራ ለባሏ ሳትናገር እኛ ዘንድ ጸበል ድረስ ወሰደቻት፤ መንገዱን ያሳየኋት እኔ ነበርኩ። በመጨረሻ ከጤና ጣቢያ ሲስተር ምሥራቅ የምትባል ነርስ ክኒን አስጀመረቻት። ማታ ማታ ሁለት ክኒን።

ክኒኑን የሚሰጣት አባቷ ነው። ዙሀራ አንድ ሰሞን በልቅሶ ተወጥራ ረስታው ልጅቱ ስለወደቀች፣ ከዚያ ወዲህ ነገሩ የአባት ሥራ ሆነ። ጠይብ ዒሻ ሰግዶ ሲመለስ እጁን ይታጠባል፣ ቢስሚላሂ ይላል፣ ሁለቱን ክኒን መዳፏ ላይ ያኖርላታል። ከሌላ ሰው እጅ አትወስድም። እንዲህ እያለች አሥራ አራት ወር ሳትወድቅ ቆየች።

አሥራ አራት ወር ቀላል አይደለም። ልጅቱ መሳቅ ጀመረች። ብቻዋን ወደ ገበያ ትወጣለች፤ ከጓደኛዋ ከሶልያና ጋር ታጠናለች። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስትገባ ዩኒቨርሲቲ ጂኦሎጂ ነው የምማረው አለች። የስሜን ተራራ ድንጋይ ምን ዓይነት እንደሆነ፣ ከየት እንደፈለቀ ማወቅ ትፈልጋለች።

«ድንጋይ ለማጥናት ዩኒቨርሲቲ?» አለቻት ታናሽ እህቷ ሁዳ፤ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፣ አፏ ግን የሠላሳ ነው። «ጓሮ ሞልቶልሽ የለም እንዴ! እዚሁ አጥኝው፣ ሲደክምሽም ትቀመጭበታለሽ።»

«አንቺን ነው መጀመሪያ የማጠናው፣ ድንጋይ ራስ» አለቻት ኢክላስ።

በየካቲት መንገድ ተዘጋ። ለምን እንደሚዘጋ እዚህ አገር የሚኖር ሰው ያውቀዋል፣ አልገባበትም። ከጎንደር ምንም አልመጣም። ስልክም አንድ ቀን ይሠራል፣ አምስት ቀን ይጠፋል። ሲስተር ምሥራቅ ለስልጠና ጎንደር እንደወረደች እዚያው ቀረች። መድኃኒት ቤቶቹም የኢክላስን ክኒን ጨረስን አሉ።

መንገድ ሲዘጋ ጠይብ የሚያደርገውን ከአባቱ ነው የተማረው። ኪሎ ስኳር ለጠየቀው ግማሽ ኪሎ ይሰጣል። ሊትር ዘይት ላለው ግማሽ ሊትር። ሌላው ነጋዴ ሸሽጎ ዋጋ እስኪሰቀል ሲጠብቅ፣ እሱ ያለውን አሳንሶ አሳንሶ መኪና እስኪገባ ያደርሰዋል። «አሳንሼ ብሰጥ ማንም ባዶ እጁን አይሄድም» ይላል። ሰው የሚወደውም ለዚህ ነው። እኔም ለዚህ እወደዋለሁ።

አንድ ቀን ጠዋት ኢክላስ ደብተሯን እንዳቀፈች ወደ መኪናዬ መጣች። ፊቷ በርቷል።

«ጋሼ ፍቅሬ፣ ሰሙ? ወደ አንድ ወረደልኝ!»

«ምኑ?»

«ክኒኑ ነዋ! ሲስተር ምሥራቅ በሰው ልካ፣ ተሽሏታልና ወደ አንድ አውርዱላት ብላለች። ከአንድ በኋላ ደግሞ ምን አለ? ዜሮ!»

«እሰይ» አልኳት። «እግዚአብሔር ይመስገን።»

እየዘለለች ሄደች። ጠይብ ሱቁ ውስጥ ጨርቅ ሲያጥፍ ነበር። ቀና ብዬ ሳየው አያየኝም። የታጠፈውን ፈትቶ እንደገና አጠፈው፤ ከዚያ ወጥቶ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ።

«ሲስተር አላከችም» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እኔ ነኝ ያወረድኩት። የቀረው የሃያ ቀን ነው። በአንድ ካደረግሁት አርባ ቀን ይሄድልኛል። እስከዚያ መንገዱ ይከፈታል፣ ኢንሻአላህ።»

«ሐኪም ሳታውቅ?»

«የታለች ሐኪሟ? ሃያ ቀን ሰጥቼ ከዚያ በኋላ ባዶ መዳፍ ላሳያት? ትንሽም ቢሆን ገላዋ ውስጥ ይግባ። ቀንሼብሻለሁ ብላት ደግሞ በስጋት ትሞትብኛለች። አየሃት አይደል፣ ደስ ብሏት? መንገዱ ሲከፈት ወደ ሁለቱ እመልሳታለሁ። ማንም ሳያውቅ ያልፋል።»

እኔ የንስሐ አባቱ አይደለሁም፤ የአንድ ሃይማኖት ሰዎችም አይደለንም። ግን ነገረኝ፣ እኔም እንደ ልማዴ ተቀብዬ አስቀመጥኩት። «አላህ ይርዳህ» አልኩትና የጀመርኩትን ቀሚስ ቀጠልኩ።

ሠላሳ ስድስተኛው ቀን ላይ ሚያዝያ ገብቶ ነበር፤ የገበያ ቀን ነው። ሱቁ ሰው በሰው ሆኗል። ኢክላስ አባቷን ልታግዝ ባንኮኒው ጋ ቆማ ለአንዲት ሴትዮ ጨርቅ ትለካለች። «ሁለት... ሦስት...» ስትል ሰማኋት። ከዚያ መቁጠሯን አቆመች። ቀና ስል ዓይኗ ወደ ላይ ሄዷል። እንደ ታነቀ ሰው ጮኸችና ከነጨርቁ ጣቃ ወደቀች።

«ክብሪት! ክብሪት ጭራችሁ አሽትቷት!»

«አትንኳት እናንተ፣ ይጋባል!»

«ቁልፍ አስጨብጧት፣ ብረት!»

ሴቶቹ ልጆቻቸውን እየጎተቱ ወጡ። እኔ ሲስተር ምሥራቅ እንዳሳየችን በጎኗ አስተኛኋትና ራሷ እንዳይመታ ኮቴን ከሥሩ አደረግሁ። የጫረውን ክብሪት ይዞ ወደ አፍንጫዋ የሚጠጋውን ሰውዬ በክርኔ ገፋሁት። ቀሚሷ ስለረጠበ እጄ ላይ የነበረውን ነጠላ ጣል አደረግሁባት። በሩ ላይ ከክፍሏ ልጆች ሦስቱ ቆመዋል፤ አንዱ ስልኩን ከፍ አድርጎ ይዟል። ጠይብ ከባንኮኒው ኋላ ነው፤ የጨርቅ መለኪያውን ብረት እንደያዘ አልተነቃነቀም። ሲጠሩት አይሰማም።

ዓይኗን ገልጣ ማን እንደሆንኩ ለማወቅ ስትታገል፣ ጨርቁን ያስለካችው ሴትዮ ከውጭ እንዲህ ትላለች፦ «ያንን አልፈልገውም፤ እሷ የነካችውን። ከሌላ ጣቃ ቁረጥልኝ።»

ኢክላስ ሰማች። መጀመሪያ የሰማችው እሱን ነው።

ከአራት ቀን በኋላ መንገዱ ተከፈተ።

ሲስተር ምሥራቅ በመጀመሪያው መኪና መጣች፤ መድኃኒቱን ይዛ፣ ቤቷ እንኳ ሳትገባ ሱቁ ጋ ወረደች። ጠይብን በረንዳው ላይ አቁማ ጠየቀችው።

«ጋሽ ጠይብ፣ መድኃኒቱ ተቋርጦባት ነበር እንዴ?»

«አልተቋረጠም።»

«ማታ ማታ ትወስድ ነበር? በእውነት?»

«ወላሂ አንድም ማታ አላለፋትም።»

መርገጫው ላይ ያለው እግሬ ቆመ። ሐሰት አልተናገረም፤ አንድም ማታ አላለፋትም። ሲስተር ምሥራቅ «እንግዲያው የፈተና ጭንቀት ይሆናል፣ እንቅልፍ ማጣትም ያመጣል» አለች። መኪናዬን መርገጥ ጀመርኩ።

ያን ዕለት ማታ ክኒኑ ሁለት ሆነ። ጠይብ ለኢክላስ ሁለተኛ ውሸት ጨመረላት፤ ሲነግረኝ እያፈረ ነው የነገረኝ። «ሲስተር አውርዱላት ማለቷ ተሰምቶ አለቆቿ እንዳይቆጧት፣ ነገሩን ጭራሽ አታንሺባት አልኳት። እንዳትጠይቃት ብዬ ነው።» ልጅቱም ሰው እንዲጎዳባት ስለማትፈልግ ጭራሽ አላነሳችም።

ከዚያ በኋላ ኢክላስ ተኛች። መታመም አይደለም፤ መተኛት። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትውላለች። ልጁ በስልኩ የቀረጸው የክፍላቸው ቴሌግራም ላይ ተለቆ አይታዋለች። ሁለት ሳምንት ትምህርት ቤት አልሄደችም። ምግብ ሁለት ጉርሻ። ዙሀራ እየመጣች አጠገቤ ትቀመጣለች።

«ወንድሜ ፍቅሬ፣ ምን ብላ መሰለህ? እየዳንኩ ሳለሁ ነው የመጣብኝ፣ እየዳኑ የሚመጣ ከሆነ መድኃኒት የለውም ማለት ነው፣ አለችኝ። ወደ አንድ ወርዶልኝ ነበር፣ አሁን ወደ ሁለት ተመለስኩ፣ ነገ ሦስት ነው፣ አለችኝ። ምን ብዬ ልመልስላት?»

ምን ብላ እንደምትመልስላት አውቅ ነበር። «ጸልዪላት» አልኳት።

ሲስተር ምሥራቅ ሳታሰልስ ትመጣለች። አንድ ቀን ቤተሰቡን ሁሉ ሰብስባ፣ «ጋሽ ፍቅሬም የቤት ሰው ናቸው» ብላ እኔንም አስገባችኝ።

«አሁን ልጅቱን እየጎዳት ያለው መውደቋ አይደለም» አለች። «ፍርሃቱና ሐዘኑ ነው። ይህም በሽታ ነው፤ ስንፍና አይደለም፣ የእምነት መጉደልም አይደለም። የሚጥል በሽታ ያለባቸውን ብዙ ልጆች ያገኛቸዋል። ክኒን የኔ ሥራ ነው፤ ይህኛው ግን የቤቱ ሥራ ነው። ከመግሪብ ሶላት በኋላ፣ ሲመሽ፣ ሁላችሁም አብራችሁ ተቀመጡ። እያንዳንዱ የዋለበትን ይናገር። እሷ ስትናገር ማንም አይምከራት። አይዞሽ ማለትም ክልክል ነው።»

«አይዞሽም?» አለች ዙሀራ ደንግጣ።

«አይዞሽ ስንል ዝም በይ ማለታችን ነው። ስሟት ብቻ። ሌላው ደግሞ፣ ስለ በሽታዋ ምንም አትደብቋት። የተደበቀበት ልጅ የሌለውን ነገር ሁሉ እያሰበ ይፈራል።»

ጠይብ ምንጣፉን እያየ ነበር። «እሺ ሲስተር» አለ።

እንዲህ ሆኖ ከመግሪብ እስከ ዒሻ ባለው ጊዜ መቀመጥ ጀመርን። መጀመሪያ ላይ የሚናገር ሰው ጠፍቶ ሁዳ ነበረች የምታወራው። ሕጉን የምታስከብረውም እሷ ናት።

«አባዬ አይዞሽ አለ! ሰምቻለሁ! ዛሬ ሳህን የሚያጥበው አባዬ ነው።»

«አላልኩም፣ ጉሮሮዬን ነው የጠረግሁት።»

«በጉሮሮህ አይዞሽ ብለሃል!»

ኢክላስ በትንሹ ፈገግ አለች። ለዚያች ትንሽ ነገር ጠይብ የቤቱን ሳህን ሁሉ አጠበ፤ ሱቁን ከከፈተ ጀምሮ ያላየሁበት ደስታ ነበር ፊቱ ላይ።

በስድስተኛው ይሁን በሰባተኛው ምሽት ኢክላስ ተናገረች። «ልቤ ዝም ብሎ ይሮጣል» አለች። «ተቀምጬ ሳለሁ፣ ማንም ሳይነካኝ። አሁን ሊመጣብኝ ነው እላለሁ። አይመጣም። ያኔ ደግሞ በኋላ ሊመጣብኝ ነው እላለሁ። የሚመጣበትን ምክንያት ባውቅ እኮ እጠነቀቅ ነበር። ምክንያት የለውም። ሁሉንም እንደታዘዝኩት አድርጌ ነው የመጣው።»

ዙሀራ ዓይኗ እንባ ሞላ፣ አፏን በሻሿ ያዘች። ጠይብን አየሁት። አሁን ይነግራታል አልኩ በልቤ። ተነስቶ ለሶላት ወጣ።

ከዚያ ወዲያ ባለው ሳምንት የባሰ ነገር አለች። ድምፅዋን ሳታነሳ፣ ስለ ዝናቡ እንደምትናገር ሰው፣ «ተኝቼ ባልነሳ ደስ ይለኛል» አለች። ዙሀራ ልጇን እቅፍ አድርጋ፣ እዚያው አብራት አደረች። ጠዋት ሲስተር ምሥራቅ ተጠርታ መጣች፤ «እንዲህ ያለን ቃል እንደ ዋዛ አንሰማውም» አለች። ማንም ለብቻዋ እንዳይተዋት፣ መድኃኒት ሁሉ እንዲቆለፍ አዘዘችና በዚያው ቀን ደባርቅ ሐኪም ዘንድ ይዛት ሄደች። በየሳምንቱ እየሄደች ከሐኪሙ ጋር እንድትነጋገር ሆነ።

ያን ጠዋት ሱቁ ሳይከፈት ጠይብን ያዝኩት።

«ንገራት።»

«አልችልም።»

«ምክንያቱን ባውቅ እጠነቀቅ ነበር ስትል ሰምተሃል። ምክንያቱ ያለው አንተ ጋ ነው።»

«ፍቅሬ፣ ክኒኑን ከኔ እጅ እንጂ ከማንም አትወስድም። ሳታየው ነው የምትውጠው፤ እጄን ስለምታምን። እጄን ከተጠራጠረች ክኒኑን ትተወዋለች። ከተወችው ትሞትብኛለች። ይኼን ከነገርካት ደግሞ አንተና እኔ እስከ ቂያማ ቀን አንነጋገርም።»

እኔም የአባት ነገር ነው፣ ጊዜውን እሱ ያውቃል አልኩ። ለጠዋት ኪዳን ስቆም ስለ ኢክላስ እጸልይ ነበር፤ ስሟን እየጠራሁ፣ አንድ ቀን ሳልዘል። በአንድ ቃል ልጨርሰው የምችለውን ነገር ፈጣሪ እንዲጨርስልኝ ነበር የምለምነው።

ፈተናው ቀረበ። እንደ ድሮው በየትምህርት ቤቱ አይደለም፤ ተፈታኞቹ በአውቶቡስ ተጭነው ዩኒቨርሲቲ ገብተው፣ እዚያው አድረው ነው የሚፈተኑት። የዳባት ልጆች የደረሳቸው ደባርቅ ነው። ቅርብ ነው፣ መኪና ካለ አንድ ሰዓት አይሞላም፤ ኢክላስም በየሳምንቱ ለሐኪሟ ትመላለስበታለች፤ አድራ ለመፈተን ግን ባሕር ማዶ ሆነባት። ከማታውቃቸው ልጆች ጋር አምስት ሌሊት።

ሶልያና በየቀኑ መምጣት ጀመረች። የቄስ ልጅ ናት፤ ደፋር፣ ሳቂታ። «ሲስተር ምሥራቅ ደብዳቤ ጽፋልሻለች፣ ከተደራራቢው አልጋ የታችኛው ነው የሚሰጥሽ። እኔ አጠገብሽ ነኝ። ብትወድቂ በጎንሽ አስተኛሻለሁ፤ ክብሪት ይዛ የመጣችውን ደግሞ ራሷን ነው የማቃጥላት።»

«ያን ቪዲዮ ያየ ሁሉ እዚያ አለ» አለች ኢክላስ።

«እና? ልጁ ራሱ ሒሳብ ሲፈተን ምን እንደሚመስል ቀርጬ እለቅበታለሁ። ከአንቺ መውደቅ የሱ ያስቃል።»

በመጨረሻ ኢክላስ እሺ አለች። እንዴት እንዳለች አላውቅም። ምሽት ላይ በተቀመጥንበት «እሞክረዋለሁ» አለች፣ ሁዳ ዘላ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች። ሲስተር ምሥራቅ ይህን ስትሰማ እንዲህ አለችን፦ «ይህን በር ካለፈች ሌላውን ታልፈዋለች። ከተመለሰች ግን ከቤት ማውጣት ይከብደናል። አደራ።»

የሚሄዱበት ቀን ጠዋት ዝናብ ነው፤ ከስሜን የወረደው ጉም የትምህርት ቤቱን አጥር ሸፍኖታል። ሁላችንም ሸኘናት። ዙሀራ ብርድ ልብስ ይዛለች፣ ጠይብ ሻንጣዋን። ልጆቹ ስማቸው እየተጠራ ይገባሉ። ሶልያና ገብታ በመስኮት «ቦታ ይዣለሁ!» ትላለች። የኢክላስ ስም ተጠራ። እስከ አውቶቡሱ በር ሄደች፤ አንድ እግሯን መወጣጫው ላይ አደረገች። ከዚያ ቆመች።

«ኢክሉ፣ ነይ እንጂ!» አለቻት ሶልያና።

ወደ ኋላ ዞረች፤ ፊቷ አመድ መስሏል። «እወድቃለሁ» አለች። «እማዬ፣ አሁን ይመጣብኛል። እየወሰድኩ እያለ ነው የመጣው። እዛም እየወሰድኩ ይመጣብኛል። ምን ዋጋ አለው?» እግሯን ከመወጣጫው አወረደች።

ጠይብ ሻንጣውን ጭቃው ላይ ለቀቀው።

«አይመጣብሽም» አለ። «ኢክላሴ፣ ስሚኝ። አይመጣብሽም። አንቺ አልወደቅሽም፣ እኔ ነኝ የጣልኩሽ።»

ዞራ አየችው።

«ሲስተር ክኒኑን አላወረደችም። እኔ ነኝ። አልቆብኝ ነበር፤ መንገዱ እስኪከፈት ላደርሰው ብዬ ነው። መድኃኒቱ ይሠራል። አሥራ አራት ወር ሙሉ ሠርቷል። ግማሹን ስለከለከልኩሽ ነው የወደቅሽው። አሁን ሙሉውን ነው የምትወስጂው፤ ግቢ፣ የኔ እናት፣ ግቢ፣ አትወድቂም።»

እውነቱ አውቶቡሱ ላይ የሚያስወጣት መስሎት ነበር። እኔም ለአንድ አፍታ እንዲያ መሰለኝ።

ዝናቡ ሻሿን እያረጠበው ቆመች። ስትናገር ቀስ ብላ ነው። «ሦስት ወር ሊሞላው ነው፣ አባዬ። መሞት ፈልጌ ነበር እኮ። ስናገር እዚያው ነበርክ።»

«ነበርኩ።»

«ሲስተርን እንዳልጠይቃት ያደረግኸኝም...»

«እኔ ነኝ።»

«ማን ያውቃል?»

ጠይብ ወደኔ አየ። ሳያስበው ነው ያየኝ፤ እሷም አብራ አየች።

«ጋሼ ፍቅሬ፣ እርስዎም ያውቁ ነበር?»

ዕድሜ ልኬን ሰው ሲነግረኝ ነው የኖርኩት፤ ጠይቆኝ የሚያውቅ አልነበረም። «አዎ» አልኩ። «ከመጀመሪያው ቀን።»

ራሷን ነቀነቀች፤ የከበደው ትምህርት እንደገባው ሰው። አስተባባሪው ስሟን እንደገና ጠራ። ሶልያና በመስኮቱ ተንጠልጥላ እያለቀሰች ትጣራለች፦ «በኋላ ትጣያቸዋለሽ! መጀመሪያ ግቢ! ኢክሉ በናትሽ!» ዙሀራ ባሏን ደረቱ ላይ በሁለት እጇ መታችው፤ አንዴ ብቻ፤ ከዚያ ልጇን ልትይዝ ሮጠች። ኢክላስ ግን ጭቃ ላይ የወደቀውን ሻንጣ አንስታ ወደ ቤት መንገድ ጀምራ ነበር። አልሮጠችም። ሁዳ ከኋላዋ ኩስ ኩስ ትላለች።

አውቶቡሱ ሦስተኛ ጊዜ ጥሩንባ ነፋና ሄደ።

ጠይብ የፈራው አልደረሰም። ክኒኑን አልተወችውም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ብልቃጡን ከእናቷ እየተቀበለች፣ ራሷ እየቆጠረች፣ ሲስተር ምሥራቅ ፊት እየፈረመች ትወስዳለች። የተወችው አባቷን ነው። ሲገባ ትወጣለች፤ ሰላምታውን በራሷ ንቅናቄ እንኳ አትመልስም። ለኔ ትመልስልኛለች፤ «ደህና ዋሉ» ትለኛለች፣ ለመንገደኛ እንደሚባለው። ከሐኪሟ ቀጠሮ በቀር ከቤት አትወጣም። ሲስተር ምሥራቅ በሚቀጥለው ዓመት መፈተን ትችያለሽ ብትላት፣ «እንጃ» አለቻት። ሲስተር ለእኔና ለጠይብ ምንም አልተናገረችንም። ብትሰድበን ይሻለን ነበር።

ምሽቱ መቀመጥ ግን አልቀረም፤ ዙሀራ እንዳይቀር አደረገችው። ኢክላስ እሺ ያለችው አባቷና እኔ ካልገባን ብቻ ነው። ስለዚህ መግሪብ ካለቀ በኋላ ጠይብና እኔ በረንዳው አግዳሚ ላይ እንቀመጣለን። ክረምት ነው፤ ከቆርቆሮው የሚወርደው ውኃ እግራችን ሥር ይንጠባጠባል። ከግድግዳው ወዲያ የሴቶቹ ድምፅ ይሰማል፤ ቃሉ ግን አይለይም። ጠይብ ጆሮውን ወደ ግድግዳው ያዘነብላል። ሶልያናም ተፈትና ተመልሳ አንዳንድ ቀን ትመጣለች፤ እኛን አልፋ ስትገባ ዓይኗን ከመሬት አታነሳም።

ትናንት ምሽት ከውስጥ ሳቅ ተሰማ። አጭር ነው፣ ቶሎ ቆመ። ጠይብ ክንዴን ያዘኝ።

«ማናት? ማናት የሳቀችው?»

ሁለቱንም ድምፅ ከልጅነታቸው ጀምሮ ስሰማ ስለኖርኩ ለይቼ አውቃቸዋለሁ። ፊቱን አየሁት፤ የትኛውን ስም እንደሚፈልግ ግልጽ ነው። ያንን ስም ብሰጠው ያን ሌሊት ይተኛል፤ ካልተኛ ብዙ ቀኑ ነው።

«ሁዳ ናት» አልኩት፤ የሰማሁትን።

«ሁዳ ናት» አለ እሱም። ክንዴን ለቀቀኝ። ለዒሻ ሶላት ሊታጠብ፣ ውዱእ ሊያደርግ ተነሣ፤ እኔም መኪናዬን ሸፍኜ በዝናቡ ወደ ቤቴ ሄድኩ።